የንድፍ ደብተሬ በጣሪያ ፍሳሽ ራሰብኝ፦ ገጾቹን እንዴት ላድናቸው?

እንዝርት (ደብረ ብርሃን) — ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የወረደው በረዶ የአሸንዳውን አፍ ዘጋው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በቆርቆሮው መጋጠሚያ ገብቶ ኮርኒሱን አራሰና መደርደሪያዬ ላይ ተንቆረቆረ። ከሥራ ስመለስ እዚያ የነበረው ዕቃ ሁሉ ርሷል። ልብሱም ብርድ ልብሱም ይደርቃል፤ ጭንቀቴ የንድፍ ደብተሬ ነው።

ደብተሩ በክር የተሰፋ ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ ጠንካራ ካርቶን። ግማሽ ያህሉ እስከ ጀርባው ድረስ ርሷል፤ የቀረው ጠርዙን ብቻ ነው የነካው። በውስጡ ያለው ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። የጓሳ ጭላዳዎች በእርሳስ፣ የገበያ ቀን ሰዎች በእስክሪብቶ፣ የአንኮበር ተራሮች በውሃ ቀለም፣ ከከተማው እየጠፉ ያሉ የድሮ የድንጋይ ቤቶች ደግሞ በከሰል። መሐል ላይ የአያቴ እጆች አሉ። መንዝ ሄጄ ለባና የሚሆን ሱፍ ስትፈትል በቀለም ብዕር የሠራኋቸው ናቸው። አያቴ አሁን በሕይወት የለችም። ያንን ገጽ ልክፈት ስል ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር የተጣበቀ ስለመሰለኝ እንዳለ ተውኩት።

ጎረቤቶቼ ከከሰል ምድጃ ዳር አስቀምጪው ይላሉ። እናቴ ደግሞ ጠዋት ብራ ከሆነ ፀሐይ ላይ ዘርጊው ትላለች። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን ላድርግ?


ጣርማበር — ከምሽቱ 2፡25

አይዞሽ እህቴ። እኔ የማውቀው የራሰ ደብተር ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎ በካውያ ሲተኮስ ቀጥ እንደሚል ነው። ካውያው በጣም እንዳይግል ብቻ ተጠንቀቂ።


መዝገብ ጠባቂ — ከምሽቱ 2፡50

ጣርማበር በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ካውያም፣ ምድጃም፣ ፀሐይም ዛሬ አይሆኑም። እህቴ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና ውሃ የገባባቸው መጻሕፍት በእጄ አልፈዋል፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ወረቀት እርስ በርሳቸው የተያያዙ የዕፅዋት ክሮች ናቸው። ውሃ ሲገባባቸው ያብጣሉ፣ መያያዣቸውም ይላላል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ የተጎተተ ገጽ ይቀደዳል፣ የታሸ ገጽ ላዩ ይላጣል። ሙቀት ደግሞ ጠርዙን ቀድሞ ያደርቀዋል። መሐሉ ገና እርጥብ ሳለ ጠርዙ ሲኮማተር ገጹ ይጣመማል፣ ስፌቱም ይወጠራል። ከሁሉ የከፋው ውሃው ቀድሞ ወደሚደርቀው ቦታ እየተሳበ የሟሟውን ቀለምና ቆሻሻ እዚያ ወስዶ ያጠራቅመዋል። ውሃ በነካቸው ወረቀቶች ላይ የምናየው ቡናማ መስመር የሚሠራው እንዲህ ነው። የከሰል ምድጃው ጥላሸት አለው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ማንደድ ደግሞ ለአንቺው ለራስሽ ሕይወት አደገኛ ነው።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መተውም አይቻልም። እርጥብ ወረቀት 48 ሰዓት ያህል ከቆየ ሻጋታ ይጀምረዋል ተብሎ ነው በሙያው የሚሠራው። የደብረ ብርሃን ብርድ ትንሽ ጊዜ ይጨምርልሻል፤ የነሐሴ እርጥበት ግን ያንኑ መልሶ ይወስድብሻል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተሩን እንደተዘጋ ከሥር በሁለት እጅ ደግፈሽ አንሺውና ንጹሕ ፎጣ ላይ አጋድሚው። በሽፋኑ ይዘሽ አታንጠልጥይው፤ የራሰው ወረቀት ክብደት ስፌቱን ይበጥሰዋል። በራሱ ጊዜ የሚከፈትልሽ ቦታ ላይ ብቻ እየገለጥሽ ጌጥና ቀለም የሌለው ነጭ ሶፍት፣ ወይም ታጥቦ የለሰለሰ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አስገቢበት። ያረጀ ነጠላ ጥሩ ነው። አዲስ አቡጀዲ ከሆነ ግን ስታርች ስላለው ሳይታጠብ አይሆንም። በየገጹ ማስገባት አያስፈልግም፤ በየአሥር ቅጠሉ ይበቃል። ብዙ ከጠቀጠቅሽበት ጀርባው ይሰነጠቃል። ጨርቁ ሲርስ በደረቅ ቀይሪው። ምንም ነገር አትጥረጊ፤ ጨርቁ ራሱ ይምጠጠው። ጋዜጣ ውስጡ አታስገቢ፣ የጋዜጣው ቀለም ወደ ሥዕሉ ይሄዳል።

ቬንትሌተር ካለሽ ወደ ግድግዳ አዙሪው። አየሩ ይንቀሳቀስ እንጂ ደብተሩ ላይ ቀጥታ አይንፈስ።


እንዝርት — ከምሽቱ 3፡15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጨርቁን ማስገባት ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ነጠላ ቁራጭ ወዲያው ነው የራሰው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ወጥቶበታል። ይህ ከየትኛው ሥዕል እንደሆነ አላወቅሁም። ሌሊቱን ሙሉ መቀያየር ካልቻልኩስ? ሰፈራችን ያለው ግሮሰሪ ትልቅ ፍሪዘር አለው፤ እዚያ ማስገባት ይጠቅማል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። እውነት ነው?


መዝገብ ጠባቂ — ከምሽቱ 3፡30

እውነት ነው። ማቀዝቀዝ ሻጋታውንም የቀለሙንም መፍሰስ ያስቆማል። ደብተሩን አያድንም፣ ጊዜ ይገዛልሻል። ብዙ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ሲርሱ የሰው እጅ ለሁሉም ስለማይደርስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ በከተማዋ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለቁጥር የሚያታክት መጽሐፍ ጭቃና ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ዛሬ የራሰ መጽሐፍን ስለማዳን ከምናውቀው ብዙው የተወለደው ከዚያ መከራ ነው።

የአንቺ ግን አንድ ደብተር ነው፤ ግማሹም ደህና ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ጨርቅ መቀየር ከቻልሽ ፍሪዘር አያስፈልግሽም። ካልቻልሽ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለሽ አስገቢውና ጊዜ ስታገኚ አውጥተሽ ቀስ ብሎ በረዶው ይልቀቅ። ከሥጋና ከዓሣ ግን ይራቅ።

ሰማያዊው ቀለም ከወጣበት አካባቢ ያለውን ክፍል ለይተሽ ያዢው፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሪበት። ያ ቀለም ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።


የሸዋሮቢት ልጅ — ነሐሴ 5፣ ከጠዋቱ 1፡20

ለምን ወደ እኛ አትልኪውም? ጣርማበርን ተሻግረሽ ከወረድሽ ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው፤ ጥላ ሥር ብናስቀምጠው በፍጥነት ይደርቃል። እህቴ ጠዋት ከዚያ ትመጣለች፤ ታምጣልኝ ካልሽ አደራውን እንቀበላለን።


ከሰልና እርሳስ (የሥዕል መምህር) — ከጠዋቱ 2፡05

የሸዋሮቢት ልጅ፣ ልብህ ደግ ነው፤ አሳቡ ግን ያሰጋኛል። እርጥብ ደብተር ፌስታል ውስጥ ታፍኖ፣ መኪና ላይ እየተንገላታ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲወርድ ለሻጋታ የሚመች ሁኔታ መንገድ ላይ ይፈጠራል። ገጾቹም እየተፋተጉ ነው የሚሄዱት። ባለበት ይቆይ።

እንዝርት፣ ሥዕልሽ ሁሉ የጠፋ አይምሰልሽ። እያንዳንዱ የሥዕል መሣሪያ ውሃን የሚቋቋመው በራሱ መንገድ ነው።

በእርሳስ የሠራሻቸው ጭላዳዎች ደህና ናቸው። ግራፋይት በውሃ አይሟሟም፤ ወረቀቱ ቢጨማደድም መስመሩ ባለበት ይቆያል። በእርጥቡ ካልዳሰስሽው በስተቀር ምንም አይሆንም። ተራ እስክሪብቶም አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፣ ቀለሙ በዘይት የተለወሰ ነውና። ጄል እስክሪብቶ ከሆነ ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ከሰል አይሟሟም፤ ከወረቀቱ ጋር የሚያያዘው ነገር ግን የለውም። ላዩ ላይ ያረፈ ዱቄት ነው። ስለዚህ የድንጋይ ቤቶቹ ላይ ጨርቅም ሶፍትም አታሳርፊ፤ ቀና አድርገሽ ለአየር ተያቸው። ፊክሳቲቭ (ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያስይዝ ርጭት) ነፍተሽባቸው ከነበረ የተሻለ ዕድል አላቸው።

የውሃ ቀለሙ ያሳስበኛል። የውሃ ቀለም የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው። ሙጫው ስንት ዓመት ደርቆ ቢቆይ ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይሟሟል። የአንኮበር ተራሮችሽ ደብዝዘው ይሆናል፤ ከፊት ለፊታቸው ካለው ገጽ ጋርም በቀላሉ ይጣበቃሉ። አክሪሊክ ቢሆን ኖሮ አንዴ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም ነበር።

የአያትሽን እጆች በምን ቀለም ነበር የሠራሽው? ሼላክ (ሲደርቅ ውሃ የማይፈታው ሙጫ) ያለበት የቻይና ቀለም ከሆነ ምንም አይሆንም። ለብዕር የሚሸጠው የጠርሙስ ቀለም ከሆነ ግን አብዛኛው ማቅለሚያው በውሃ ይሟሟል።


እንዝርት — ከጠዋቱ 2፡40

መምህር፣ ተራ የብዕር ቀለም ነው። ጥቁር።


ቁም ጸሐፊ ዘመንዝ — ከጠዋቱ 4፡00

ልጄ፣ የእኔ ሥራ ብራና ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለኝ ዕውቀት ትንሽ ነው። ቢሆንም አንዳንድ ነገር ይገናኛል።

ብራና ቆዳ ነው። የፍየሉ ቆዳ በመወጠሪያው እንጨት ላይ ተወጥሮ ተፍቆ ነው ብራና የሚሆነው፤ ስለዚህ ከራሰ በኋላ ነፃ ሆኖ ከደረቀ ወደ ቆዳነቱ ሊመለስ ይኮማተራል። ቀስ ብሎ፣ ተይዞ፣ ተወጥሮ ነው የሚደርቀው። እሳት ከነካው ይጠቀለላል፤ ያንን ማንም ሊመልሰው አይችልም። መዝገብ ጠባቂ ምድጃ እንዳይደርስበት ማለቱ ልክ ነው። እኛም ብራናን ከእሳት ነው የምናርቀው።

የእኛ ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ውሃም አያሟሟውም። ማጣበቂያው ግን ውሃ ይፈራል፤ ርሶ ሳለ ያሸው ሰው ፊደሉን በጣቱ ያነሳዋል። ስለዚህ የራሰ ነገር አይነካም። መምህሬ ያስተማሩኝ ይህንን ነው።

ሌላው ነገር ስለ ወደፊቱ ነው። አባቶች መጽሐፉን ማኅደር ውስጥ አስገብተው በማንገቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለጌጥ አይደለም። ቆዳው የጣሪያ ነጠብጣብን ይመልሳል፣ ከመሬት መራቁ ከእርጥበትና ከአይጥ ያድናል። የንድፍ ደብተርም ቢሆን ማኅደር ይገባዋል። ቆዳ ሠሪ አጠገብሽ ካለ በልኩ ያሰፋልሻል።


እንዝርት — ነሐሴ 6፣ ከሰዓት በኋላ 10፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የማኅደሩን ነገር በልቤ ይዣለሁ።

የደረሰበትን ልንገራችሁ። ጠርዙ ብቻ የራሰው ክፍል ደርቋል ማለት ይቻላል፤ ሞገድ ሠርቷል እንጂ ሥዕሉ ደህና ነው። ጭላዳዎቹ መምህር እንዳለው አልተነኩም። አንዱ ወንድ ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት በቀለም እርሳስ ነበር፤ እሱም አለ። የገበያ ሰዎቹ ዙሪያቸው ላይ ቀጭን ሐምራዊ ጥላ ወጥቶባቸዋል፣ መስመራቸው ግን ይነበባል። የድንጋይ ቤቶቹ ላይ ውሃው ጎዳና እየሠራ አልፏል፤ የወረደበት መንገድ ሁሉ ጥላሸቱ ተጠርጎ ነጭ ሆኗል።

ተራሮቹ ሄደዋል። አረንጓዴውና ሰማያዊው ተቀላቅሎ ገጹን ሙሉ ሞልቶታል። ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር በሁለት ቦታ ተጣብቋል፤ አልጎተትኩትም።

የአያቴ ገጽ ተከፈተ። ሲደርቅ በራሱ ለቀቀ። ጥቁር የነበረው ቀለም ተበትኖ ወደ ሐምራዊና ወደ ሰማያዊ ተለያይቷል። እንዝርቱን የያዘው ቀኝ እጅ ቅርጹ አለ፤ ሱፉን የሚስበው ግራ እጅ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አንድ ነጠብጣብ ሆነዋል። ከዚያ የፊት ለፊቱን ባዶ ገጽ ሳየው እጆቹ እዚያ ታትመዋል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። በዚያኛው ገጽ ላይ ደግሞ የግራ እጇ ጣቶች ከዋናው ይበልጥ ተለይተው ይታያሉ። ውሃው ገና ሳይስፋፋ የታተመ ይመስለኛል።

ይህን ምን ላድርገው? ቀለሙን ከባዶው ገጽ ላይ ላጽዳው ወይስ ልተወው?


መዝገብ ጠባቂ — ከሰዓት በኋላ 11፡10

አትንኪው! የጠፋብሽ የግራ እጅ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

ነገ ጠዋት ሰማዩ ደመና ሲሆን መስኮት አጠገብ አስቀምጪና ሁለቱንም ገጽ ለየብቻ ፎቶ አንሺ። የስልኩ ብልጭታ ይጥፋ፤ ስልኩ ከገጹ ትይዩ ይሁን፣ ወደ አንድ ጎን አያዘንብል። ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጪ፤ በኋላ ልኩን ለማስተካከል ይጠቅምሻል። ከዚያ የባዶውን ገጽ ፎቶ በስልክሽ ላይ ገልብጪው፤ ማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ይህን ያደርጋል። ከዋናው ፎቶ ላይ ደርበሽ ስታይው ዋናው የደበዘዘበት ቦታ ላይ ግልባጩ ያለበትን ታገኛለሽ።

የተጣበቁት ተራሮች ላይ አሁን ምንም አታድርጊ። ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር የተጣበቀ ሥዕል ለሁለት ከተቀደደ ሥዕል ይሻላል።


ጣርማበር — ከሰዓት በኋላ 11፡30

በጣም ደስ የሚል ዜና ነው። ታዲያ ግልባጩን ካየሽ በኋላ ዋናው ገጽ ላይ በአዲስ ቀለም ደግመሽ አትሠሪበትም? እንደገና ይጠነክራል።


ከሰልና እርሳስ — ከምሽቱ 1፡00

እለምንሻለሁ፣ ዋናው ገጽ ላይ መስመር እንዳታሰምሪ። ያንን ገጽ ስትሠሪው አያትሽ ከፊትሽ ነበረች። እያንዳንዱ መስመር የተሠራው እሷን እያየሽ ነው። ዛሬ ከነጠብጣብ ላይ የምታሰምሪው መስመር ግምት ነው። ግምቱ ስህተት ቢሆን የሚመልሰው የለም፣ እውነተኛው መስመር ከሥሩ ተቀብሯልና። የተበላሸው ገጽ የሚነግረን ነገር ገና አለው፤ የተደገመበት ገጽ ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚናገርበት ነው የሚሆነው።

አዲስ ወረቀት ላይ ሥሪው። ፎቶዎቹን አሳትመሽ መስኮት ላይ ደግፊያቸውና አዲሱን ወረቀት ከላይ አድርገሽ አስተላልፊ። ያኔ ሁለት ሥራ ይኖርሻል። በዚያ ላይ ለአዲሱ ውሃ የማይፈራ ቀለም ተጠቀሚ።


ቁም ጸሐፊ ዘመንዝ — ነሐሴ 7፣ ከጠዋቱ 1፡45

መምህሩን አከብራለሁ፤ በእኛ ዘንድ ግን ሌላም ልማድ አለ። የደበዘዘ ፊደል ሲገኝ በአዲስ ቀለም የሚያደምቀው ጸሐፊ አለ፤ ቃሉ እንዲነበብ ነው። በቆዩ ብራናዎች ላይ የአሮጌውና የአዲሱ እጅ ተለይቶ ይታያል። ነውር ተደርጎ አይቆጠርም።

ይሁን እንጂ ለእኔ ፊደል አንድ መልክ አለው፤ «ሀ» በማንም እጅ «ሀ» ናት። የአያትሽ ጣት መልክ ግን ከአንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዱ የአንቺ ነው ልጄ። እኔ ብሆን እቆይ ነበር።


አንኮበሬ — ከረፋዱ 4፡20

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ስለ ተራሮቹ አዘንኩ፤ ምክንያቱም የሰፈሬ ተራሮች ናቸው።

አንድ ነገር ልበል። አንኮበር ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱባት አገር ናት፤ የድሮዋን አንኮበር መልክ በሥዕል ያስቀሩልን ግን የውጭ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። የዚያን ዘመን አንኮበርን ዛሬ የምናያት እሱ ባነሳው ንድፍ ነው፤ የያኔው ቤተ መንግሥት ቆሞ አናገኘውም። ያ ሰው የሣላቸው ወረቀቶች በመንገድ ላይ ዝናብ ቢበላቸው ኖሮ እኛ ምን እናይ ነበር?

እንዝርት ደግሞ ከደብረ ብርሃን እየጠፉ ያሉትን የድንጋይ ቤቶች እየሣለች ነው። ከመካከላቸው የፈረሱ እንዳሉ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ስለዚህ እባካችሁ ይህ የአንዲት ልጅ የግል ደብተር ብቻ አይምሰለን። ነጭ ሆነው የቀሩት ጎዳናዎች ቢኖሩም እነዚያን ገጾች ፎቶ አንሥተሽ፣ የትኛው ቤት የት ሰፈር እንደሆነ ጽፈሽ አስቀምጪ።


የሸዋሮቢት ልጅ — ከቀኑ 7፡00

ቡናማ መስመሮቹ ላይ ጥጥ በበረኪና ነክሮ ቀስ ብሎ ቢነካኩስ? ነጭ ልብስ ላይ ይሠራል።


መዝገብ ጠባቂ — ከቀኑ 7፡15

በጭራሽ። በረኪና ወረቀቱ የተሠራበትን ክር ይቆራርጠዋል። ለጊዜው ነጭ ይመስላል፤ ቆይቶ ይወይባል፣ ሲነካም ይፈረፈራል። ሎሚም አይሆንም፤ አሲድ ነው። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን መስመር ሙሉውን ገጽ በንጹሕ ውሃ አጥበው ይቀንሱታል፤ ነገር ግን ቀለሙ የማይሟሟ መሆኑን አንድ በአንድ ፈትነው ካረጋገጡ በኋላ ነው። የተሰፋ ደብተር ላይ፣ ያውም እንዲህ የተቀላቀለ ሥራ ባለበት፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ከቆርቆሮ ጋር የመጣ ዝገት ካለበት ደግሞ ማጠቡም አያነሳውም። መስመሩ ይኑር።


እንዝርት — ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 2፡00

ፎቶዎቹን አንሥቼ ጨርሻለሁ። የግራ እጇ ግልባጭ ላይ የአውራ ጣቷ ጥፍር እንኳ ተለይቶ ይታያል፤ ጥፍሩ ላይ የነበረውን ስንጥቅ እንደሠራሁት ራሱ ረስቼው ነበር። ሳየው አለቀስኩ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ። ከስፌቱ አጠገብ፣ በጣም ርሶ በነበረው ክፍል፣ ግራጫ ጥጥ የመሰሉ ትናንሽ ነጥቦች ወጥተዋል። ሽታም አለው።


መዝገብ ጠባቂ — ከምሽቱ 2፡20

ሻጋታ ነው። የስፌቱ ሥር መጨረሻ የሚደርቅ ቦታ ስለሆነ እዚያ መጀመሩ የሚጠበቅ ነው።

አሁን አትጥረጊው። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፦ ያንን ቦታ ገልጠሽ ክፍት አድርገሽ አቁሚው፣ አየር ይለፍበት። ደርቆ ዱቄት ሲሆን ወደ ውጭ ይዘሽ ውጪ፤ ማስክ አድርጊ፣ ነፋሱን ለጀርባሽ ስጪ፣ በለስላሳ ሰፊ የቀለም ብሩሽ ከአንቺ ወደ ውጭ ጥረጊው። ያንን ብሩሽ ለሥዕል ደግመሽ አትጠቀሚበት። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ አጠገቡ አይሁን። ነጥቡ ያረፈበት ቦታ ላይ እድፍ ሊቀር ይችላል፤ ዋናው መስፋፋቱን ማቆሙ ነው። እስኪደርቅ ድረስ ፌስታል ውስጥም፣ ከሌሎች መጻሕፍት ጋርም አታስቀምጪው።


ከሰልና እርሳስ — ከምሽቱ 2፡45

የተጨማደዱትን ገጾች ለማቃናት አትቸኩይ። ክረምቱ ይውጣ። ጥቅምት ላይ አየሩ ሲደርቅ ይቀልሻል። ያኔ የእርሳሱንና የእስክሪብቶውን ገጾች ብቻ ከጀርባቸው በስሱ አርጥበሽ፣ ማለት ውሃ ሳይንጠባጠብ እንደ ጉም ነፍተሽ፣ በሁለት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መሐል ታደርጊያቸዋለሽ። ከላይና ከታች ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ ላይ ክብደት። ጨርቁ በየጊዜው ይቀየራል። የከሰሉንና የብዕር ቀለሙን ገጾች በዚህ መንገድ አትሞክሪ።


እንዝርት — ጥቅምት 11፣ ከሰዓት በኋላ 10፡00

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ያለበትን ልጻፍ።

ሻጋታው ቆሟል። ነጥቦቹ ያረፉበት ቦታ ግራጫ እድፍ አለ፤ አልሰፋም። ጭላዳዎቹንና የገበያ ሰዎቹን መምህር ባለው መንገድ አቃንቻቸዋለሁ። ለክብደት የእናቴን የወፍጮ መጅ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የተጠቀምኩት። ሙሉ በሙሉ ቀጥ አላሉም፤ ደብተሩ ግን አሁን ይዘጋል። የከሰል ቤቶቹን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። አንኮበሬ እንዳለው የእያንዳንዱን ቤት ሰፈር ጽፌያለሁ፤ የፈረሱትን ከቆሙት ለይቼ።

የአያቴን እጆች በአዲስ ወረቀት ላይ ሠራሁ፤ ቀኙን ከዋናው ገጽ፣ ግራውን ከግልባጩ ወስጄ። ለውሃ በማይበገር ቀለም። ዋናው ገጽ ላይ ምንም አላሰመርኩም። አባቴ፣ ማኅደሩንም አሰፍቻለሁ፤ መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከመስኮቱ ርቆ፣ ኮርኒስ ከማያፈስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጣሪያውም ተጠግኗል።

ተራሮቹ ግን አልተመለሱም። የተጣበቁትን ገጾች ለማላቀቅ አልሞከርኩም፣ ወደፊትም አልሞክርም።


አንኮበሬ — ከምሽቱ 12፡40

ተራሮቹ እዚሁ ናቸው። ጥቅምት ላይ ከአንኮበር ቁልቁል ሲታይ ቆላው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። መጥተሽ ድጋሚ ሥሪያቸው፤ ማደሪያው ከእኛ ቤት ነው፣ እናቴም ሰምታ ትምጣ ብላለች።


እንዝርት — ከምሽቱ 1፡05

እመጣለሁ። እናትህን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ።


ደብረ ሲና — ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ የወጣ ጥያቄ ነው። ጎርፍ ገብቶብን የአባቴ የድሮ ፎቶግራፎች ርሰዋል፤ ሳይቆለሉ በፊት መድረስ አልቻልንም፣ እርስ በርሳቸው መጣበቅ ጀምረዋል። እነሱንም በጨርቅ እየመጠጥኩ ላድርቃቸው?


መዝገብ ጠባቂ — ከጠዋቱ 3፡25

አይደለም፤ የፎቶው ነገር የተገላቢጦሽ ነው፣ ፈጥነህ ድረስ። የድሮ ፎቶግራፍ ላዩ ጄላቲን ስለሆነ ተደራርቦ ከደረቀ እንደ ማጣበቂያ ይይዛል። እንዲደርቁ አትተዋቸው። ቁልሉን በሙሉ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስገባው፤ ሙቅ ውሃ አይሁን። ሲለሰልሱ በራሳቸው እየለቀቁ ይመጣሉ፤ የለቀቀውን በጠርዙ ብቻ ይዘህ አውጣ፣ የሥዕሉን ፊት በጣትህ አትንካ። ውሃው ሲደፈርስ ቀይረው፤ ለብዙ ሰዓት ግን ውሃ ውስጥ አታሳድራቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ ዘርጋቸው፣ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ጠርዛቸውን ይዘህ ገመድ ላይ ስቀላቸው፤ ፀሐይ አይንካቸው። በኮምፒውተር ፕሪንተር የታተሙ ካሉ ግን ለያቸው፤ እነሱ ውሃ ውስጥ አይገቡም፣ ቀለማቸው ይሄዳል። ስንት ናቸው? ብዙ ከሆኑ ዛሬ የማትደርስባቸውን በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ።